ከአዳማ ተነስቶ ተራራ አይቶ በዕለቱ መመለስ፦ ባሌ አይሆንም፣ በቆጂ ይሆናል

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። አንድ እሁድ ቤተሰቤን ይዤ ተራራ ማየት እፈልጋለሁ። ሰባት ነን። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ትንሹ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ያሰብነው ሌሊት ተነስተን ባሌ ሄደን፣ ቀይ ቀበሮ አይተን፣ ማታ ለመመለስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ‹ጭላሎ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል፣ እሱ ይሻላችኋል› አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ዝቋላን ይመክራል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጉዞ አንፈልግም። የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምንመለስ ራሳችን መወሰን እንፈልጋለን። የቱ ይሻላል? መኪናውስ እንዴት ይያዝ?»

ምላሽ፦ ባሌ ከአዳማ በአንድ ቀን አይሆንም። ይህን መጀመሪያ ልበል።

በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ድንሾ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት አራት ሰዓት የሚበቃው ይመስላል። መንገዱ ግን ከተማ ለከተማ የሚሄድ የደጋ መንገድ ነው። ጋሪ አለ፣ ፈረስ አለ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ሰውና ከብት ይሞላዋል። ከልጅና ከእናት ጋር፣ ቁርስና ሽንት ቤት ተጨምሮበት፣ እኔ የምይዘው ስድስት ሰዓት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ብትነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ድንሾ ናችሁ። ሳይመሽ አዳማ ለመግባት ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ፓርክ ውስጥ ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የመኪናውን ወንበር ብቻ ነው።

ቀይ ቀበሮውም ቢሆን ድንሾ ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ድንሾ አካባቢ በብዛት የሚታየው የደጋ አጋዘን ነው። ቀይ ቀበሮ የሚፈለገው በተለይ የሳነቴ አምባ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ድንሾን አልፎ፣ ሮቤን አልፎ፣ ከጎባ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። አምባው ከ4,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ውስጥ ነው ያሉት። ይህ በጥድፊያ የሚታይ ነገር አይደለም። ፓርኩ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእሱ ሁለት ሌሊት አውጡለት። ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው።

ወደ ጭላሎ ልምጣ። ባልደረባዎ የነገርዎት ልክ አይደለም። መኪና የሚያደርሰው እርሻው እስከሚያልቅበት ዳገት ነው። ከዚያ በላይ በእግር ነው፣ አለዚያም እስከ ተወሰነ ቦታ በፈረስ። ይህ ወሬ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አሰላ ከተማ የጭላሎ እግር ሥር ናት። ሰው አሰላ ደርሶ ተራራውን ከፊቱ ሲያየው የደረሰ ይመስለዋል። ቁጥሩን እንይ። አሰላ 2,430 ሜትር ላይ ነው፣ የጭላሎ ጫፍ 4,036 ሜትር ነው። ልዩነቱ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ደህና የሚራመድ ሰው በዚያ ከፍታ በሰዓት 300 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ጥሩ ሄዷል። መኪናው የመጀመሪያውን 500 ሜትር ቢያቀልልዎት እንኳ መውጫው አራት ሰዓት፣ መውረጃው ወደ ሦስት ሰዓት ነው። ይህ ለወጣቶች፣ ያውም አሰላ አድረው ጎህ ሲቀድ ለሚነሱ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ወጣቶችን ይዤ ጭላሎ ወጥቼ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን ተባብለን 2 ሰዓት ላይ ነው ከአዳማ የወጣነው። አንዱ ተኝቶ ነበር፣ አንዱ ዳቦ ሊገዛ ሄደ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ገና የአስታው ቁጥቋጦ መሐል ነበርን። ደመናው ከላይ ወረደና ከአምስት እርምጃ በላይ የማያሳይ ሆነ። ከወጣቶቹ አንዱ ራሱን እያመመው መንገዳገድ ጀመረ። እንመለስ አልኩ። ጫፉ ይኸው ደረሰ ብለው ተቆጡ። የአካባቢው ልጅ፣ መንገድ የሚመራን፣ ‹ደመናው ዛሬ አይነሳም› አለ። ወረድን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ልጁ ዝቅ ባልን ቁጥር እየተሻለው መጣ፣ አሰላ ስንደርስ ሻይ ጠጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ከማንም ጋር ስሄድ መጀመሪያ የምቆርጠው የመመለሻውን ሰዓት ነው። የት እንደምንሄድ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚወሰነው።

ዝቋላ ከሁሉም ይቀርባል። ከፍታው 2,989 ሜትር ነው። አናቱ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ፣ አጠገቡም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ከአዳማ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወንበር ማርያም ይደረሳል። ከዚያ ወደ ላይ ያለው ዳገት ጠንካራ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ይፈልጋል፣ አለዚያ በእግር ነው። ሁለት ነገር ግን ልናገር። አንደኛ፣ ዝቋላ የሽርሽር ቦታ ሳይሆን ገዳም ነው። ሐይቁ የተቀደሰ ነው፣ አይዋኙበትም፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሙዚቃ አይከፈትበትም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ንግሥ ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር አራት የገዳሙ መነኮሳት ተገድለዋል። ይህ ከሆነ በኋላ ወደዚያ ከሕፃናት ጋር ለመዝናናት ሂዱ ብዬ ለመምከር ልቤ አይፈቅድም። ለመሳለም የሚሄድ ምእመን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ጠይቆ ይሄዳል። የእናንተ ዓላማ ግን ሌላ ነው።

የፈንታሌን ተራራም የሚያነሱ አሉ፣ መተሐራ አጠገብ ስለሆነ። እሱን ተዉት። ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ያደክማል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮም አካባቢው በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቷል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል።

እንግዲህ ለእናንተ የምመክረው በቆጂን ነው። በአሰላ አድርጎ፣ በጭላሎና በገላማ ተራሮች ግርጌ። ጫፍ አትወጡም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተራራ አጠገብ ናችሁ። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአሰላ በቆጂ ደግሞ 56። ሲሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። አስፋልት ነው። ደርሳችሁም አራት ሰዓት ያህል የራሳችሁ ጊዜ ይኖራችኋል። ከባሌው ጋር አወዳድሩት።

መንገዱ ራሱ ጉዞው ነው። ከአዳማ ስትወጡ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወንዝ ትወርዳላችሁ። አዋሽ መልካሳን አልፋችሁ ዴራ እስክትደርሱ ግራር ነው፣ አቧራ ነው፣ መስኮት ክፈቱ ያሰኛል። ከዴራ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ኢተያ ላይ አንድ ጊዜ ቁሙና ውረዱ። አየሩ ተቀይሯል። ልጆቹ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ሁለቱም ጎን ስንዴና ገብስ ነው፣ ዓይን እስኪደክም። አሰላ ከመግባታችሁ በፊት ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ በሀገራችን በስንዴ ምርምር ስሙ የሚጠራ ነው። አርሲ የስንዴ ሀገር የሆነው ዝም ብሎ አይደለም። በ1967 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የድሮ ሰዎች ‹ካዱ› የሚሉት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያደረሰው እዚሁ ነው። እናትዎ ካዱን ሊያስታውሱት ይችላሉ፣ ይጠይቋቸው።

ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲኬድ ጭላሎ በግራ በኩል አብሮ ይጓዛል። ሳጉሬን ስታልፉ ደጋው ደጋ ይሆናል። ፈረሰኛ በጋቢ ተጠቅልሎ ያልፋችኋል። በቆጂ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ትንሽ ከተማ ናት። ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ ነው የወጡት። ደራርቱ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ለልጆችዎ ይህን የሚነግሯቸው እዚያው መሬቱ ላይ ቆመው ነው። የሯጮቹ ልምምድ ማለዳ ስለሆነ ከአዳማ ሄዳችሁ ዋናውን አትደርሱበትም፤ እሱን የፈለገ እዚያ ያድራል። መንገድ ዳር ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት ሆነው የሚሮጡ ወጣቶች ግን አይጠፉም።

ተራራውን በቅርብ ለማየት ከከተማው ወጣ ብሎ በገብስ ማሳ መሐል የሚሄድ የእግር መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ተራመዱ፣ አይበቃም ካላችሁ አንድ ተኩል። እናትዎ መቶ ሜትር ሄደው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ታጣፊ ወንበር መኪናው ላይ ጫኑ። እኔ ካየሁት ሁሉ አረጋውያን ጉዞውን የሚጠሉት መቀመጫ ሲያጡ ነው። የአካባቢ መንገድ መሪ ያዙ። በአሰላም ሆነ በበቆጂ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። እሁድ ዝግ ስለሚሆን አርብ ደውሉ። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ለመግባት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፈቃድና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) አስቀድሞ መያዝ አለበት። ፓርኩ ዴራ ድልፈቃር፣ ጭላሎ ገላማ፣ ካካ እና ሁንቆሎ የሚባሉ የተራራቁ ክፍሎች አሉት፣ ስለዚህ ‹ፓርክ እንገባለን› ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። እነዚህ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘንም አለ፣ ቁጥሩ ያነሰ ቀይ ቀበሮም አለ። በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ግን ታያላችሁ ብዬ ልጆቹን ተስፋ አልሰጥም። እርስዎም አይስጡ። ፈረስ ታያላችሁ፣ ጭልፊት ታያላችሁ፣ ያ ይበቃል።

ከፍታውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስህተት እሰማለሁ። አንዱ ‹ተራራ ላይ አየር የለም› ብሎ መፍራት ነው። ሌላው ‹ኢትዮጵያዊ ነን፣ ደጋ አይነካንም› ማለት ነው። አዳማ 1,600 ሜትር አልፎ የሚገኝ ከተማ ነው። በቆጂ ላይ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። የታሸገ የቺፕስ ከረጢት ከአዳማ ያዙና በቆጂ ስትደርሱ ተመልከቱት። ተነፍቶ ይጠብቃችኋል። ውስጡ ያለው አየር አልጨመረም፣ ውጭ ያለው ነው የሳሳው። እዚያው በቆጂ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ይዛችሁ ውረዱ፣ አዳማ ስትገቡ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ልጆች ይህን አይረሱም። ሳንባችን ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ስለዚህ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። በ2,800 ሜትር ለጤነኛ ሰው ይህ ትንሽ ማለክለክ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ተቀምጦ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ካልተሻለም መውረድ ነው። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባዥር ሰው ካለ ምንም ሳይጠበቅ ወደ ታች መንዳት ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ጤና ተቋም መሄድም አይቀርም።

ለእናትዎ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ግፊታቸው በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ ለአንድ ቀን በመኪና 2,800 ሜትር መውጣት ብዙ ጊዜ አይከለከልም፣ ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ነፍሰ ጡርም አብራችሁ ካለች፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይኬድም። የጠዋት ኪኒናቸውን ‹መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል› ብለው እንዳይዘሉት። ይህን ብዙ እናቶች ያደርጉታል። መዝለል የለባቸውም፤ እናንተ ናችሁ ቶሎ ቶሎ መቆም ያለባችሁ።

ልብስ ላይ የአዳማ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። አዳማ ላይ በነጠላ ጫማና በቲሸርት መኪና ውስጥ ይገባል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። አዳማ ላይ 27 ዲግሪ ከሆነ በቆጂ ላይ 20 አካባቢ ነው፣ ንፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በታች ይሰማል። ለልጆች ካልሲ፣ የተዘጋ ጫማ፣ ሹራብና ንፋስ የሚከላከል ጃኬት ያስፈልጋል። ለእናትዎ ጋቢ። ፀሐዩ ግን ስለቀዘቀዘ አይታመንም። ከፍ ባሉ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ ቆዳ የሚቃጠለው ሳይታወቅ ነው። ኮፍያ ያዙ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ምርጡ ነው። ጥቅምት ላይ እህሉ እያሸተ ነው፣ ኅዳር ላይ ማሳው ወርቅ መስሎ ኮምባይነሮች ይገባሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጉም ስለሆነ ተራራው ላይታይ ይችላል። በበልግም ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል። በማናቸውም ወር ቢሆን ጫፎቹ ጥርት ብለው የሚታዩት ጠዋት ነው፣ ከቀትር በኋላ ደመና ይሸፍናቸዋል። ‹ቀስ ብለን ረፋድ ላይ እንነሳለን› ካላችሁ የምታዩት ደመና ነው።

መኪና። ለሰባት ሰው ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ፣ ቦታው ሰፋ ይላል። የቤት መኪና ያለው ዘመድ ‹በክፍያ ልውሰዳችሁ› ቢላችሁ አስቡበት። የግል ታርጋ ያለው መኪና ሰው በገንዘብ እንዲጭን አልተፈቀደለትም፣ አደጋ ቢደርስም የኢንሹራንሱ ነገር ይወሳሰባል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም አላችሁ። ደርሶ መልሱ 260 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ሲወጣም ባትሪ ቶሎ ይበላል። ሲወርድ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ግን የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ሳታረጋግጡ አትነሱ።

ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ ‹በቆጂ ደርሶ መልስ ስንት ነው?› ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሹፌሩ በልቡ በቆጂ ሄዶ መመለስ ብቻ ይዟል፣ እናንተ ደግሞ አምስት ቦታ መቆም አስባችኋል። ሦስተኛው ላይ ፊቱ ይለወጣል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ተዋዋሉ። ከጠዋት 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት መኪናው የእናንተ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ፒስታ መንገድ ይገባል ወይስ አይገባም፣ አሁኑኑ ይነገረው። ነዳጅ በማን ነው? የሹፌሩ ምሳና አበል በማን ነው? ከ12 ሰዓት ካለፈ በሰዓት ስንት ይጨመራል? በወረቀት ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ነዳጁ በእናንተ ከሆነ ሚኒባሱ ለዚህ መንገድ 30 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፣ ዳገቱ ስላለ ትንሽ ጨምራችሁ ያዙ። በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዙት፣ የተጠየቃችሁት ገንዘብ ልክ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትክፈሉ። መኪናው ቅዳሜ ቀን ነዳጅ ይሙላ፣ እሁድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ተራራው ደመና እንዳይለብስባችሁ።

ፍሬኑን ጠይቁ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ከአሰላ እስከ ዴራ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። አንድ ጊዜ በተከራየነው ሚኒባስ ስንወርድ ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ነበር የሚወርደው። ከዴራ በላይ ላስቲክ የሚቃጠል የሚመስል ሽታ መጣ፣ ከፊት ጎማው ጭስ ወጣ። ወርደን አርባ ደቂቃ እስኪቀዘቅዝ ቆምን። ማንም አልተጎዳም፣ ግን ያን ሽታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ እንዲወርድ አስቀድማችሁ ንገሩት። አያፍርም፣ እናንተም አትፈሩ። ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን፣ የጎማውን ጥርስ ቅዳሜ በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ‹ራሳችን እንወስን› ወዳላችሁት ልመለስ። ልክ ናችሁ፣ ግን ሁሉም ነገር ክፍት ሲሆን ሰባት ሰው አንድ ነገር አይወስንም። ሁለት ነገር ቁረጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ከአዳማ መውጣት፣ ቀን 8 ሰዓት ከበቆጂ መነሳት። በመሐል ያለው የእናንተ ነው። ቁርስ አሰላ ብሉ፣ ወይም ከቤት የቋጠራችሁትን ኢተያ ላይ መኪናው ጎን ቆማችሁ ብሉ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ከሆነ አሰላ አትዘግዩ፣ ወደ ላይ ቀጥሉ። ደመና ከሆነ አሰላ ሻይ ጠጡ፣ አንድ ሰዓት ስጡት። እናትዎ ከደከሙ በቆጂን ትታችሁ ከሳጉሬ መመለስ ትችላላችሁ። ጭላሎ ከዚያም ይታያል፣ ምንም አልቀረባችሁም።

ከ8 ሰዓት በኋላም ምርጫ አላችሁ። አሰላ 9 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ልጆቹ ጉልበት ካላቸው አዋሽ መልካሳ ላይ ወደ ሶደሬ ታጥፋችሁ ፍል ውኃ ልትነክሯቸው ትችላላችሁ። ከበቆጂ ብርድ በኋላ ሙቅ ውኃ ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው፣ ከአዳማም ቅርብ ነው። የመዋኛ ልብስና ፎጣ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ ካልሄዳችሁም አይከብድም። ደክሟቸው ከተኙ ቀጥታ ቤት። ይህን ምርጫ ኢተያ ላይ አድርጉት፣ ሹፌሩም አስቀድሞ ይወቀው።

የጸጥታው ነገር የቀልድ አይደለም። አርሲ ውስጥ ሰላም የሆነ ወረዳ አጠገብ ያልሆነ ወረዳ ሊኖር ይችላል፣ ከሳምንት ሳምንትም ይለያያል። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁን አትያዙ። ከሁሉም የማምነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄዶ ከበቆጂ የገባ ሹፌር ፈልጎ መጠየቅ ነው። ዛሬ መጥቷል፣ ነገም ይመለስበታል፣ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ‹ይቅር› ካለ ይቅር። ተራራው የትም አይሄድም። ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትሁኑ፣ ዋናውን አስፋልት ትታችሁም ያለ መንገድ መሪ አትግቡ።

ሌላው የገበሬው ማሳ ነው። ገብሱ ሰው የሚበላው እህል ነው፣ ለፎቶ ብላችሁ አትርገጡት። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ‹አካም ጅርቱ› ብላችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ልጆቹም ይበሉ። በግ የሚጠብቁ ውሾች አሉ፣ ትንሹን ልጅ እጁን ያዙት። ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

እንግዲህ ከጥቅምት እስከ ጥር ካሉት እሁዶች አንዱን ምረጡ። ንግሥ ወይም የፈተና ሳምንት እንዳይሆን። አርብ የአሰላን ወይም የበቆጂን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ መንገድ መሪ ያዙ። ቅዳሜ መኪናውን እዩ፣ መናኸሪያ ጠይቁ። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለሹፌሩ እንደገና ደውሉ፣ የእናትዎን ኪኒና ከሹራባቸው ኪስ ውስጥ አስገቡ፣ ቺፕሱንም ልጁ ሳይከፍተው ከወንበር ሥር ደብቁት።